ቺንጋ የሚበላ መኪና፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ከወልድያ ወደ መርሳ እየወረዱ ነው። ሲሪንቃን እንዳለፉ ከኮፈኑ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ወዲያው የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ መሄድ ይጀምራል። ዳር ይዘው ኮፈኑን ሲከፍቱ ባለፈው ወር የገዙት ቺንጋ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ከእሱ በፊት የነበረውም የሄደው እንዲሁ ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ መኪና ይዘው ለሚንከራተቱ ባለቤቶችና ሹፌሮች ነው። እኔም በአሮጌ አውቶሞቢሌ ላይ አራት ቺንጋ ከቀያየርኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ጥፋቱ ከአራቱ ቺንጋዎች የአንዱም አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ እኔም የምቀጣው የማይመለከተውን ነበር። አንድ ቺንጋ ዘመኑን ጨርሶ ቢበጠስ ያለ ነው። ሁለተኛው በአጭር ጊዜ ከተከተለው ግን ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ ታሟል ማለት ነው። ሦስተኛውን ከመግዛትዎ በፊት የታመመውን ይፈልጉ።

ዛሬ ይህን ማወቅ ከምንጊዜውም ይበልጥ ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን በሥርዓት መጠገን አለበት።

የትኛው ቺንጋ?

እዚህ የምንነጋገረው ከሞተሩ ፊት ለፊት በውጭ ስለሚታየው ቺንጋ ነው። ከክራንኩ ፑሌጃ ኃይል ተቀብሎ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ በብዙ መኪኖችም ፋኑን ያዞራል። የመሪው ሃይድሮሊክ ፓምፕና የኤሲው ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ቺንጋ አላቸው።

በሽፋን ውስጥ ተደብቆ የሚሠራው የታይሚንግ ቺንጋ ሌላ ነው። በቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ የውስጥ ቺንጋ የሚቀየርበት ጊዜ መድረሱን የሚያስታውስ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አለ፤ በብዙዎቹ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይበራል። እሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ስለሚጋጩ ሞተሩን ያወድማል። መብራቱ ከበራ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። የውጪው ግን በራስዎ እጅ ሊመረመር ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሞተሩን ያጥፉ፤ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን ያለው መኪና ሞተሩ ጠፍቶም ከሙቀት የተነሣ ድንገት ሊነሣና ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ነጠላ፣ ሻሽ ወይም እጅጌው የተንዘረፈፈ ልብስ ለብሰው ሞተር አጠገብ አይቁሙ።

የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነገር ነው፦ መፍቻዎች (በብዙ የጃፓን መኪኖች የዲናሞ ቡሎኖች 12 እና 14 ናቸው)፣ የእጅ ባትሪ፣ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ወይም ጠንካራ ክር፣ ማስመሪያ፣ ነጭ ቀለም ወይም ጠመኔ፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ የተበጠሰውን ቺንጋ ያንብቡ

ብዙዎቻችን የተበጠሰውን ቺንጋ መንገድ ዳር ወርውረን እንሄዳለን። እንዲህ ስናደርግ ዋናውን ማስረጃ ጣልን ማለት ነው። ቺንጋውን ይዘው ይመለሱ፤ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉበትና ዙሪያውን በጣትዎ እየዳሰሱ ይመልከቱ።

ሁለቱም ጎኖቹ እንደ መስታወት የሚያበሩና የደረቁ ከሆኑ ሲንሸራተት ኖሯል፤ ወይ ላልቷል፣ ወይ የሚያዞረው ነገር ከብዶታል። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ከታች በኩል አግድም የተሰነጣጠቀ ቺንጋ ሙቀት ወይም እርጅና አድርቆታል። ያበጠ፣ የለሰለሰና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይት ወይም ግሪስ ጠጥቷል። የታችኛው ጠባብ ወገኑ የሚያበራ ከሆነ የፑሌጃው ቦይ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቦዩ ተበልቷል ወይም ቺንጋው ጠባብ ነው።

ጎኖቹ ጤነኛ ሆነው ክሮቹ ባንድ ቦታ ተቆርጠው ከተገኙ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው፣ አንድ ፑሌጃ ድንገት ቆልፎ ይዞታል። ሁለተኛው፣ ሲገጠም በካቻቢቴ እየተጎለጎለ ነው የገባው። የቺንጋውን ሸክም የሚችለው በውስጡ ያለው ክር ነው፤ ጎማው የሚሠራው መያዝ ብቻ ነው። በካቻቢቴ ሲጎለጎል ክሩ ከውስጥ ይቆረጣል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ ቺንጋው ፑሌጃው ውስጥ ይገለበጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን ይጻፉ

ደብተርዎን ይክፈቱና የተገጠመበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተበጠሰበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የቺንጋውን ቁጥር፣ እንዲሁም ሲበጠስ መኪናው ምን ላይ እንደነበረ ይጻፉ። አቀበት ላይ ነበር? ዝናብ ነበር? ጠዋት ሞተር ሲነሣ ነው? ማታ መብራት በርቶ ነው?

ዕድሜው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በአንድ ቀን ውስጥ የሄደ ቺንጋ ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው የቆለፈ ፑሌጃን፣ ልኩ ያልሆነ ቺንጋን ወይም ሲገጠም የደረሰ ጉዳትን ነው። ሳምንታት ቆይቶ የሚሄድ ከሆነ የመስመር መዛነፍን፣ የኩሽኔታ ማለቅን ወይም የክራንኩን ፑሌጃ ይጠርጥሩ። ወራት ከቆየ ሙቀትን፣ ዘይትንና የተበላ ቦይን ያስቡ።

መንገዱንም ይቁጠሩት። ከወልድያ በሳንቃ አድርገው የድልብን አቀበት ወደ ጋሸና የሚወጡ ከሆነ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በከባድ ሙቀት ይሠራል። ለጎማ በግምት የሚሠራ ሕግ አለ፦ የቺንጋው ውስጣዊ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ይሽከረከራል፤ ቺንጋውን ከፑሌጃው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ደግሞ ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሌላው ዓለም የአሮጌ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ቺንጋ እየወለቀ የሚያስቸግራቸው ሞተራቸው በደቂቃ ስድስትና ሰባት ሺህ ዙር ስለሚሄድ ነው። እኛ ባንሮጥም በቁልቁለቱ ከዚያው ችግር ጋር እንገናኛለን፤ ትንሽ ላላ ያለ ወይም ትንሽ የተዛነፈ ቺንጋ ሜዳ ላይ ችሎ ይሄድና እዚያ ይወልቃል።

ደረጃ 3፦ ቺንጋው ልኩ መሆኑን ያረጋግጡ

«ይሄም ይሆናል» ተብሎ የተሸጠ ቺንጋ ስንቱን አስቸግሯል። ጀርባው ላይ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ 13×1000 የሚል ከሆነ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1000 ሚሊ ሜትር ነው። ለወፍጮና ለፓምፕ በሚሸጡት ላይ «ኤ» የሚለው ፊደል 13፣ «ቢ» የሚለው 17 ሚሊ ሜትር ስፋትን ያመለክታል፤ አጠገቡ ያለው ቁጥር በኢንች የተለካ የውስጥ ርዝመት ነው።

ልኩ የሆነ አዲስ ቺንጋ ፑሌጃው ውስጥ ሲቀመጥ ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ወይም በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩም ባዶ ቦታ ይኖራል። ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በጎንና ጎኑ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ወርዶ ከተቀመጠ የቱንም ያህል ቢወጥሩት ይንሸራተታል። ዲናሞዎ በሁለት ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩ፣ አሮጌው ስለተለጠጠ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ ቺንጋውን አውጥተው ሁሉንም በእጅዎ ያዙሩ

ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ግን ብዙ የሚናገር ምርመራ ነው። ቺንጋውን ያውጡና የውሃ ፓምፑን፣ ዲናሞውን፣ መወጠሪያ ፑሌጃ ካለም እሱን፣ ኮምፕረሰሩን እያንዳንዱን በእጅዎ ያዙሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ ለስላሳና ጸጥተኛ ነው። የሚንጓጓ፣ አሸዋ የገባበት የሚመስል ወይም አንድ ቦታ ላይ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ አልቋል። ከዚያ ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ላልቷል።

የውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእሷ የውሃ ጠብታ ወይም የደረቀ የውሃ ምልክት ካዩ የፓምፑ ማኅተም አልቋል፤ ኩሽኔታውም ይከተላል።

ምርመራውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ብቻ ሳይሆን ከተጓዘ በኋላም ይድገሙት፤ ነገር ግን የጋለ ብረት እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና የሚመስልና ሲግል የሚቆልፍ ኩሽኔታ አለ። ሲሪንቃ ላይ ቺንጋ በጥሶ ጋራዥ ሲደርስ «ምንም የለውም» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ደረጃ 5፦ የክራንኩን ፑሌጃ ይፈትሹ

የእኔን አራት ቺንጋዎች የጨረሰው ይህ ነበር። በብዙ ሞተሮች ላይ የክራንኩ ፑሌጃ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። የውስጡ ቀለበትና የውጪው ቀለበት በመካከላቸው ባለ ጎማ የተያያዙ ናቸው፤ ጎማው የሞተሩን ርግብግቢት ይውጣል። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል ወይም ቀስ እያለ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከመሐሉ ጀምረው በጎማው ላይ አሳልፈው እስከ ውጪው ከንፈር አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ያስምሩ። ቺንጋና የባትሪውን ገመድ መልሰው ይግጠሙ። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሰው ይመለሱና መስመሩን ይመልከቱ። ከተሰበረና የውጪው ክፍል ከውስጡ ጋር ካልገጠመ ፑሌጃው መቀየር አለበት። በብየዳ ለማያያዝ አይሞክሩ፤ ሚዛኑን ያጣና ክራንክሻፍቱን ይጎዳል።

ሞተሩን አስነሥተው ከጎን ራቅ ብለው ደግሞ ይመልከቱ። ፑሌጃው ሲዞር የሚውገረገር ከሆነ ያው ጎማ፣ ወይም የላላ የመሐል ቡሎን ነው።

ደረጃ 6፦ መስመሩን ይለኩ

ቀጥ ያለውን ዘንግ ወይም የተወጠረውን ክር በክራንኩና በዲናሞው ፑሌጃዎች ፊት ላይ አግድም ያስጠጉ። የከንፈራቸው ውፍረት እኩል ከሆነ ክሩ በአራት ቦታ መንካት አለበት፤ ውፍረታቸው ከተለያየ ከክሩ እስከ ቦዩ መሐል ያለውን ርቀት በሁለቱም ላይ ይለኩ። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ባለ በየ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ መዛነፍ የለበትም። ባለ ብዙ መስመር ጠፍጣፋ ቺንጋ ከሆነ የሚፈቀደው የዚያ ግማሽ ነው።

አሮጌ መኪኖቻችን ላይ መስመር የሚያዛንፈው ብዙ ጊዜ የቀደመ ጥገና ነው፦ ከሌላ ሞተር የመጣ ዲናሞ፣ የጠፋ ሮንዴላ፣ ተሰብሮ የተበየደ መያዣ፣ ቡሎኑ እየተንቀሳቀሰ ያሰፋው ቀዳዳ። የዲናሞውን ቡሎኖች ካጠበቁ በኋላ ዲናሞውን በእጅዎ ይወዝውዙ። ከተነቃነቀ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ቶርኖ ቤት ወስደው ቡሽ ያስገቡበት። የጎደለውን በትክክለኛ ውፍረት ባለው ሮንዴላ ይሙሉ።

ደረጃ 7፦ ቦዩን ይዳስሱ

ጣትዎን በእያንዳንዱ ፑሌጃ ቦይ ውስጥ ያዙሩ። ግድግዳዎቹ ቀጥ ያሉና ለስላሳ መሆን አለባቸው። ወደ ውስጥ የጎደጎዱ፣ ዝገት የበላቸው ወይም ሹል ጠርዝ ያወጡ ከሆነ አዲስ ቺንጋን እንደ ሞረድ ይበሉታል። በሰሜኑ ጦርነት ወራት ቆመው የከረሙ መኪኖች ላይ የዛገ ቦይ ተደጋግሞ የሚገጥም ነው። ቀለል ያለ ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ የተበላ ቦይ ግን ፑሌጃውን መቀየር ይጠይቃል። ወለሉ የሚያበራ ቦይ ካዩ ቺንጋው ወርዶ መቀመጡን ያስታውሱ።

ደረጃ 8፦ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ይከታተሉ

ቺንጋው ላይ ዘይት ካለ ቺንጋውን መጥረግ መፍትሔ አይሆንም። የሞተሩን ፊት በደንብ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ጥቂት ይንዱና እንደገና ይመልከቱ። ከክራንኩ ፑሌጃ ጀርባ ከሆነ የፊት ኦይል ሲል ነው፤ ከላይ ከሆነ የቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬት ነው፤ ከመሪው ፓምፕ ቱቦም ሊሆን ይችላል። ከምንጩ ያስቁሙት።

ሲጮህ ሳሙና፣ ግሪስ ወይም ሬንጅ መቀባት የተለመደ ነው። ድምፁ ለአንድ ቀን ይጠፋል፤ ከዚያ አቧራው ይጣበቅበትና ቺንጋውንም ቦዩንም ይበላል። በዚህ ፈንታ ቺንጋዎ ባለ ብዙ መስመር ጠፍጣፋው ዓይነት ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እጅዎን አርቀው፣ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይርጩበት። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ መስመሩ ተዛንፏል፤ ከጨመረ ላልቷል።

ደረጃ 9፦ የዲናሞውን ሸክም ያስቡ

በ14 ቮልት 60 አምፔር የሚያመነጭ ዲናሞ 840 ዋት ይሰጣል። ግማሽ ያህሉ ኃይል በሙቀት ስለሚባክን ከቺንጋው የሚወስደው 1500 ዋት ገደማ ነው፤ ይህም ሁለት የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ባትሪዎ ያረጀና የማይሞላ ከሆነ ዲናሞው ቀኑን ሙሉ በከባድ ሸክም ይሠራል። በዚያ ላይ ተጨማሪ መብራትና ትልቅ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ሚኒባስ ከሆነ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይደርቃል። ጠዋት ሲነሣ ወይም ማታ መብራት ሲበራ የሚጮህ ቺንጋ ካለዎት ባትሪውን ያስለኩ።

ደረጃ 10፦ አዲሱን በሥርዓት ይግጠሙ፣ ይወጥሩ

የዲናሞውን ቡሎኖች ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ ዲናሞው ወደ ሞተሩ ይጠጋ፤ ቺንጋው ያለ ግፊት በእጅ ይግባ። ካቻቢቴ ካስፈለገ ወይ ቡሎኑ በበቂ አልላላም፣ ወይ ቺንጋው አጭር ነው።

ከዚያ ዲናሞውን በብረት ዘንግ ወደ ውጭ እየገፉ ይወጥሩ፤ ዘንጉ የዲናሞውን ወፍራም የፊት ክፍል እንጂ ስስ ጀርባውን እንዳይደግፍ። ረጅሙን መስመር መሐሉ ላይ በአውራ ጣትዎ 10 ኪሎ ግራም ያህል ሲጫኑት በብዙ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። የመኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ልክ ካለው እሱን ይከተሉ። «ጠበቅ ይሻላል» ብሎ ከልክ በላይ መወጠር የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይገድላል።

ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩ፤ ያጥፉና እንደገና ይለኩ። አዲስ ቺንጋ ብዙውን መለጠጡን የሚጨርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ መርሳ ተመላልሰው ሲያበቁ አንድ ጊዜ ይወጥሩት። ይህን ባለማድረግ ብቻ የሚሞት ቺንጋ ብዙ ነው።

መንገድ ላይ ቢበጠስ

ቀይ መብራቷ በርታ ሙቀቱ ከጨመረ ወዲያው ይቁሙ። ቺንጋው የውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ «እስከ ውርጌሳ ልድረስ» ማለት ቴስታታ ማጣመምና ጋስኬት ማቃጠል ነው። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አይክፈቱ፤ የፈላ ውሃ ፊት ያቃጥላል። ልኩ የተረጋገጠ አንድ ትርፍ ቺንጋና ሁለቱ መፍቻዎች ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑሩ። ክር፣ ጨርቅ ወይም ስቶኪንግ አስሮ መሄድ ለጥቂት ሜትር ቢሠራ እንኳ ተፈትቶ ፋኑ ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል አይመኑት።

ለወፍጮና ለመስኖ ፓምፕም

በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ወፍጮ የሚያስፈጩና ማሳቸውን በሞተር ፓምፕ የሚያጠጡ ወገኖችም ይህንኑ ቅደም ተከተል መጠቀም ይችላሉ። ልዩነቱ ርቀቱ ነው፤ በሞተሩና በወፍጮው ፑሌጃ መካከል ባለ በየ1 ሜትሩ ቺንጋው መሐሉን ሲጫኑት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ልኩ ነው። ሞተሩ የተቀመጠበት መሠረት ከተናጋ መስመሩ ሁልጊዜ ይዛነፋል፤ መጀመሪያ የመሠረቱን ቡሎኖች ያጥብቁ። ብዙ ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠሩ ከሆነ ሁሉንም ባንድነት ይቀይሩ። ከሁሉ በላይ በቺንጋው ላይ ሽፋን ያድርጉ፤ ወፍጮ ቤት ሴቶችና ልጆች ተሰልፈው የሚቆሙበት ቦታ ነው።

ለመካኒክዎ ምን ይበሉ?

ጋራዥ ሲሄዱ «ቺንጋ ቀይርልኝ» አይበሉ። የተበጠሰውን ቺንጋና ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ «በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ አቀበት ላይ፣ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ተበጠሰ፤ መስመሩን እይልኝ» ይበሉ። ጎበዝ መካኒክ በዚህ ይደሰታል፤ ፍለጋውን ከግማሽ ይጀምራል፤ እርስዎም ያልታመመ ዕቃ አያስቀይሩም።

እንግዲህ ቺንጋዎ በቅርቡ ከተበጠሰ፣ አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ፑሌጃዎቹን በእጅዎ ያዙሩ፣ ክሩን ይዘርጉ፣ የቀለሟን መስመር ያስምሩ። የተበጠሰውንም ቺንጋ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አይጣሉት።